ሦስት ነፍስ

ጎንደር አሮጌ ነገር የሚከበርባት ከተማ ናት። የብራና መጽሐፍ፣ የብር መስቀል፣ የአያት ጋሻ፣ ከጣሊያን ዘመን የተረፈ የግድግዳ ሰዓት፤ ይህን ሁሉ በየቤቱ የሚያኖር ሰው አይጠፋም፤ አኑሮም አያፍርበትም። ግንቦቻችን እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩ ወዲህ ደግሞ «ቅርስ» የምትለዋ ቃል ከሕፃን እስከ ሽማግሌ አፍ ላይ አለች። እንግዲህ በዚህች ከተማ ተቀምጦ፣ ቀን ቀን በባንክ መስኮት ብር የሚቆጥር፣ ማታ ማታ ግጥም የሚሞካክር የሠላሳ ምናምን ዓመት ሰው «እኔም አሮጌ ነገር እሰበስባለሁ» ቢል ማን ይደነቃል? ሰዎች የሚደነቁት «ምን?» ብለው ጠይቀው መልሱን ሲሰሙ ነው። የምሰበስበው የድሮ ቪዲዮ ጌም ነው።

«ለልጅህ ነው?» ይሉኛል። ልጅ የለኝም። «ታተርፍበታለህ?» ይሉኛል። አልሸጠውም። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ዝምታ ነው፤ ያ ሰውን ሳይሰድቡ የሚታዘቡበት የሀገራችን ጨዋ ዝምታ። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህች ጽሑፍ ለዚያ ዝምታ የተሰጠች መልስ ናት።

አስቀድሜ ሣጥኔን ልክፈት። በውስጡ ሁለት ባለ ካሴት የቴሌቪዥን ጌሞች፣ አንድ የመጀመሪያው ትውልድ ፕሌይስቴሽን፣ አንድ ፕሌይስቴሽን 2፣ ሃያ ሦስት ካሴቶች፣ ቁጥራቸውን በየጊዜው የምረሳቸው ሲዲዎች፣ ገመዳቸው የተጣጠፈ ጆይስቲኮችና አንድ የፕላስቲክ ሽጉጥ ይገኛሉ። ገሚሱን ከቁራሌው ጆንያ ውስጥ አውጥቼዋለሁ፤ ገሚሱን ከቅዳሜ ገበያ ገዝቼዋለሁ፤ ጥቂቱን ደግሞ ቤታቸውን የሚያጸዱ ዘመዶች «ውሰድልን» ብለው ሰጥተውኛል። ከውጭ ሲታዩ ዋጋ የላቸውም። አቧራ የጠጣ፣ በፀሐይ የገረጣ ፕላስቲክ ናቸው።

ባለ ካሴቶቹ ጌሞች ታሪካቸው ከመልካቸው ይረዝማል። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1889 ሲመሠረት ሥራው የመጫወቻ ካርታ መሥራት ነበር። ከዘጠና ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሐምሌ 1983፣ በማሳዩኪ ኡሙራ መሪነት የተሠራውን ፋሚኮም የተባለ ማሽን ለገበያ አቀረበ። ወደ እኛ ሰፈር የመጣው ግን እሱ አልነበረም፤ ግልባጩ እንጂ። በሩቅ ምሥራቅ ፋብሪካዎች ያለ ፈቃድ የተገለበጡ ርካሽ ማሽኖች በየአህጉሩ ተበተኑ። ሩሲያ ውስጥ «ዴንዲ» ተባሉ፤ ፖላንድ ውስጥ «ፔጋሰስ»፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ «ጎልደን ቻይና»። እኛ ደግሞ «ቲቪ ጌም» ብለናቸው አለፍን። ስለዚህ በአንድ ዘመን የሞስኮ ልጅ፣ የዋርሶ ልጅና የጎንደር ልጅ፣ የሠሪውን ስም ሳያውቁ፣ አንዱን ጉድጓድ ዘለዋል፤ በአንዱም ወድቀዋል።

ከካሴቶቼ አንዱ ላይ «9999999 በ1» ተብሎ ተጽፏል። የሂሳብ ሰው ነኝና ይህ ቁጥር ሁልጊዜ ያስቀኛል። ዝርዝሩን ወደታች ቢገፉት አያልቅም፤ ከፍተው ሲመረምሩት ግን እውነተኞቹ ጨዋታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀረው ያው ጨዋታ ከሌላ ደረጃ ሲጀምር ነው፤ ወይም ስሙን ቀይሮ ሲመለስ። በባንክ ቋንቋ ብናገር፣ ሚዛኑ የማይገጥም መዝገብ ነው። ልጅነት ግን ኦዲተር አልነበረውም፤ ዘጠኝ ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ምናምን ጨዋታ ነበረን፤ ሀብታሞች ነበርን።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሆይ፣ ለእናንተ በተለይ የምነግራችሁ አንድ ምሥጢር አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» መላው ዓለሙ፣ ተራራው፣ ዋሻው፣ ባሕሩ፣ ሙዚቃው፣ ጠላቱና ልዕልቲቱ ሁሉ ተደምሮ 40 ኪሎባይት ብቻ ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሣት አንዲት ተራ ፎቶግራፍ ብዙ እጥፍ ትበልጠዋለች። ሠሪዎቹ ቦታ ስላልነበራቸው ብልሃት ፈጠሩ። በሰማይ ላይ የሚንሳፈፈው ነጭ ደመናና በምድር ላይ የሚታየው አረንጓዴ ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ የተለወጠው ቀለማቸው ብቻ ነው። ይህን ያወቅሁ ዕለት ለረጅም ጊዜ ዝም አልሁ። አንዱን ቃል ለሁለት ፍቺ ማሠራት፣ በጠባብ ቤት ውስጥ ሰፊ ነገር ማሳደር፣ ይህ የእኛ የቅኔ ሰዎች ሥራ አይደለምን? ስንኝ የሚቋጥር ሰው ቤቱ ሲጠብበት ይማረራል። እኔ ግን ቃል በበዛብኝ ማታ ያን ደመና አስባለሁ።

እነዚህን ነገሮች በሕይወት ማቆየት የራሱ ጥበብ አለው። የጎንደር ክረምት እርጥበቱ ብዙ ነው፤ የካሴት ጥርስ በእርጥበት ይዝጋል። በልጅነት ካሴቱ እምቢ ሲል አውጥቶ «እፍ» ማለት የታወቀ መድኃኒት ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ካሴቱን የሚያስነሣው እፍታው ሳይሆን ወጥቶ እንደገና መግባቱ ነበር፤ የአፍ እርጥበትማ ጊዜ ወስዶ የመዳብ ጥርሱን ይጎዳዋል። የሚሻለው በአልኮል የራሰ ጥጥ፣ ሲብስም የተማሪ ላጲስ ነው። ከጃፓን የመጣ ማሽን በ100 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ በእኛ 220 ላይ ያለ ትራንስፎርመር የሰካው ሰው ጭስ ያተርፋል። የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽኖች ደግሞ ሲዲ አንባቢያቸው ያረፈበት ፕላስቲክ እየተበላ ሲሄድ አልጫወት ይላሉ፤ ያኔ ማሽኑን ገልብጦ በጀርባው ማጫወት ነው። ይህን ዘዴ የሰማን ከመጽሐፍ አይደለም፤ ልጅ ለልጅ ተቀባበልነው።

የሽጉጡ ነገር ግን ከሁሉ ይገርማል። ዳክዬ የሚታደንበት ጨዋታ ላይ ሽጉጡ ምንም ነገር አይተኩስም። ቃታው ሲሳብ ቴሌቪዥኑ ለቅጽበት ይጨልማል፤ ወዲያው ዳክዬዋ በነበረችበት ሥፍራ ነጭ ብርሃን ይበራል፤ በሽጉጡ አፈሙዝ ውስጥ ያለችው ትንሽ ዓይን ያን ብርሃን ካየች «ተመታ» ይባላል። የሚተኩሰው መስኮቱ ነው፤ ሽጉጡ ተመልካች ነው። ይህም የሚሆነው ኋላው ወፍራም በሆነው በአሮጌው ቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ምስሉን ሳይዘገይ፣ መስመር በመስመር፣ በሰዓቱ የሚስል እሱ ነው። በግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ቀጭን ቴሌቪዥን ፊት ሽጉጡ ዕውር ነው። ስለዚህም ጌም ሰብሳቢው ቴሌቪዥን ሰብሳቢ ለመሆን ይገደዳል፤ እኔም በትከሻዬ ተሸክሜ ፎቅ ያወጣሁት አንድ አለኝ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው በወቅቱ በገበያ ላይ እንደማይገኙ አሳይቷል። ይህን በሚያህል ሀብታም ሀገር እንዲህ ከሆነ፣ በጆንያ ተጠቅልለው ወደ እኛ የመጡት ግልባጮችማ ማን ይቆጥራቸዋል?

ጨዋታ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ግን አሜሪካ መሄድ አያሻም። እኛም ሀገር ሰንጠረዥ የሚባል ጨዋታ ነበረን፤ ቼዝ የሚመስል፣ ንጉሥና ፈረስ፣ ፈርዝና ፊል ያሉት፤ በመኳንንቱ ዘንድ የተከበረ። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን፣ እ.ኤ.አ. በ1860 ጎንደር አጠገብ በደረሰበት ጥቃት ሕይወቱ ያለፈው ሰው፣ ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ አጨዋወቱን ጽፎልናል። ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1971 ታሪኩንና ሕጉን አሰባስቦ አሳትሟል። ከሕጎቹ ሁሉ የሚደንቀኝ «ወረራ» የሚባለው መክፈቻ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ በአንድ ጊዜ ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን እስኪማርክ ድረስ ተራ የሚባል የለም። ከዚያ በኋላ ነው ጨዋታው የሚረጋው። አስቡት፤ የጌም ቤት ልጆች የሚያውቁትን ያን የእጅ ጥድፊያ መሳፍንቱ ከእኛ አስቀድመው ያውቁት ነበር።

ሕጉ ዛሬም በወረቀት ላይ አለ። እንዲህ አድርጎ የሚጫወት ሰው ግን በዕድሜዬ አላየሁም። በአንጻሩ ዳባት በሚገኝ ቅርንጫፍ ተመድቤ በሠራሁበት ጊዜ፣ በወገራ መንገድ ዳር፣ እረኞች መሬት ቆፍረው በጠጠር ገበጣ ሲጫወቱ አይ ነበር። ለጉድጓዶቻቸው መስታወት የተሠራላቸው የለም፤ ማንም ቅርስ ብሎ አልመዘገበላቸውም፤ ዝናብ ሲመጣ ጉድጓዱ ይደፈናል፤ በማግሥቱ ሌላ ይቆፈራል። ሰንጠረዥ ተጽፎ ሞተ፤ ገበጣ እየተጫወቱት ኖረ። ጨዋታን የሚያኖረው እጅ ነው። ይህን ካሰብሁ ወዲህ ማሽኖቼን በመስታወት ውስጥ የመደርደር ምኞቴ እየቀዘቀዘ ሄደ።

በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅና የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነገሩ ይበልጥ ገባኝ። የሰፈራችን ልጆች ስልኮች በአንድ ጀምበር ዝም አሉ። ያወረዷቸው ጨዋታዎች አብዛኞቹ «ከኔትወርክ ጋር ተገናኙ» ከማለት በቀር አንዳች አይሠሩም ነበር። ምሽት ከቤት መውጣት በሚያስፈራበት በዚያ ወራት፣ መብራት ባለ ጊዜ ሁሉ፣ የእኔ አሮጌ ማሽኖች የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ ይነሡ ነበር። የጎረቤት ልጆች ሦስትም አራትም ሆነው ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ ከነሱ በዕድሜ የሚበልጠውን ጨዋታ እየተጫወቱ ይስቃሉ። ውጭው ዝም ሲል የልጅ ሳቅ እንዴት እንደሚሰማ በዚያ ዓመት አወቅሁ።

አሁን ስለ አንዲት ዕቃ ብቻ ልናገር። ከሣጥኑ ውስጥ በመጠን ትንሿ፣ ለእኔ ግን የሁሉ አውራ ናት። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሜሞሪ ካርድ ናት፤ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ፤ የምትይዘው 128 ኪሎባይት ብቻ።

ተማሪዎች በነበርንበት ዘመን በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። ጆተኒ ሲሰለቸን ወደዚያ እንገባለን። የምንጫወተው «ዊኒንግ ኢለቨን» ነበር፤ በአውሮፓ «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር» እየተባለ ይሸጥ የነበረው የኮናሚ የእግር ኳስ ጨዋታ። ኩባንያው የሁሉን ተጫዋች ስም የመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው አንዳንዱን አጣሞ ይጽፈው ነበር፤ ሮቤርቶ ካርሎስ «ሮቤርቶ ላርኮስ» ተብሎ ይጫወታል። ይሁንና ስሞቹን ራስህ ማረም የምትችልበት ሥፍራ ነበረው። ከጓደኞቼ አንዱ በዚያ ሥፍራ ታሪክ ሠራ። የአንዱን ቡድን ስም ፋቀና «ፋሲል» ብሎ ጻፈ፤ ተጫዋቾቹን በሙሉ በሰፈር ልጆች ስም ሰየማቸው። እኔን በረኛ አደረገኝ፤ ራሱን 10 ቁጥር። እውነተኛው ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ የእኛ ፋሲል ግን ከዚያ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ብራዚልን አሸንፏል።

ያ ጓደኛዬ በ2003 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወጣ። ከካርቱም አንድ ጊዜ ደወለ። ወደ ሊቢያ እንደሚሄድ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። ሜሞሪዋን ከመሄዱ በፊት ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር፤ «ቡድኑን ጠብቅልኝ» ብሎ።

እናቱ አንዳንድ ጊዜ ወደምሠራበት ቅርንጫፍ ይመጣሉ። ተራቸውን ጠብቀው መስኮቴ ፊት ይቆሙና፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ «ከውጭ በስሜ የመጣ ነገር አለ ልጄ?» አያለሁ። የማየው መልሱን ስለማላውቀው አይደለም። «ለዛሬ የለም እማማ» እላለሁ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይሄዳሉ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ብር ሲቀየር፣ አሮጌው መቶ ብርና ሃምሳ ብር በሦስት ወር ውስጥ እንዲመለስ በተባለ ጊዜ፣ በመሐረብ የቋጠሯትን ይዘው መጡ። ቆጥሬ አዲሱን ሰጠኋቸው። «ይኼኛውስ ደግሞ መቼ ይሻራል?» አሉኝ። ሳቅሁ። ወደ ቤት ስመለስ ግን አብራኝ የሄደች ጥያቄ ናት። ወረቀት በአዋጅ ይሻራል። ሜሞሪዋ ግን ማንም ሳያውጅባት ታረጃለች። ውስጧ ባትሪ የለም፤ ስሞቹን የያዘው በጥቃቅን ክፍሎች የታሰረ የኤሌክትሪክ ሙላት ነው፤ ያም በዓመታት ብዛት ቀስ እያለ ይተናል። ማሽኑን ያለ ሲዲ ሲያስነሡት ከአንድ ሜሞሪ ወደ ሌላው መቅዳት ይቻላል፤ እኔም ሁለተኛ ፈልጌ ቀድቻለሁ። የብራና መጻሕፍታችን የኖሩት ከእጅ ወደ እጅ በመገልበጥ አይደለምን? ይሁንና ግልባጩም ያረጃል፤ ሌላ ገልባጭም ይፈልጋል።

ለሁለት ዓመት ያህል ሜሞሪዋን ማንም አልነካትም። በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከልጆቹም ከራሴም ሰውሬ አስቀመጥኋት። ባለፈው ዓመት በአንድ እሑድ እማማ እኔው ቤት ለቡና መጡ። ወሬ ወሬን አንሥቶ፣ «ያ ስትጫወቱበት የምታድሩት ነገር አለ?» አሉኝ። አለ አልኋቸው። ከጨርቁ አውጥቼ ሰካኋት። ቴሌቪዥኑ ሞቀ፤ ቡድኑ መጣ። ስሞቹ በላቲን ፊደል ስለተጻፉ አንድ በአንድ አነበብሁላቸው። እያንዳንዱን ልጅ አወቁት፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ዛሬ የት እንደሚኖር እየነገሩኝ አብረን ወረድን። 10 ቁጥር ላይ ስደርስ እሱንም አነበብሁት። ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው፣ «እስቲ አጫውተው» አሉ።

አጫወትሁት። በሁለተኛው አጋማሽ ጎል አገባ፤ ስሙም ከደቂቃው ጋር በመስኮቱ ግርጌ ወጣ። እማማ ፊደሉን ባያነቡትም ማን እንደሆነ አላጡትም። ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ተጠቅልሎ አይቀመጥ» አሉኝ፤ «ልጄ መቀመጥ አይወድም።»

ከዚያን ዕለት ወዲህ እሑድ እሑድ የጎረቤት ልጆች የሚጫወቱት በዚያ ቡድን ነው። ማን እንደነበረ ነግሬያቸዋለሁ። በሥነ ሥርዓት ይዘውታል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ጎል ሲስት ይሰድቡታል፤ ሲያገባ ስሙን እየጠሩ ይጮኻሉ። የተሳሳተ የሚመስለውን አጠራራቸውን አላርመውም። አንደኛው ልጅ ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ መቅዳትን ተምሯል፤ እንግዲህ ገልባጭ ተገኘ ማለት ነው።

ሰብሳቢነት ለእኔ ይህ ነው። የሣጥኑ ባለቤት መሆን ሳይሆን፣ ዕቃው ሲነሣ አብሮት የሚነሣውን ነገር በሰው እጅ ላይ ማቆየት። ከእነዚህ እሑዶች በአንዱ፣ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ የጻፍኋት አራት መስመር ይህችው፤

የመስታወቱ ሰው፣ ሦስት ነፍስ ተሰጥቶት፣
ከገደል ቢወድቅም፣ ይነሣል ከመሬት፤
ባለ አንድ ነፍስ እኔ፣ ስጠነቀቅላት፣
ባንዲት ትንሽ ገደል፣ መሸብኝ ሳልዘላት።

ውድ አንባቢያን፣ በየቤታችሁ ቁም ሣጥን ላይ፣ በአልጋ ሥር፣ በዕቃ ቤት ጥግ አቧራ የጠጣ ካሴት ወይም ጆይስቲክ ቢኖር ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ሰክታችሁ እዩት። ማን ስሙን ጽፎበት እንደሄደ አይታወቅም።